ሰማያዊው ሻኛ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አራተኛ ክፍልን ሳይንስ ስታስተምር በማንም ቀንታ አታውቅም። ቢያንስ እሷ የምታስበው እንዲያ ነው። ተማሪዎቹ በሌለችበት «ቲቸር ጠመኔ» ይሏታል፤ እጅጌዋ ሁሌም ነጭ ስለሆነ። እንስሳት ከሚኖሩበት ቦታ ጋር እንዴት እንደሚላመዱ የሚያስረዳውን ምዕራፍ በቃሏ ትወጣዋለች። ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ አለቀ።

ዘንድሮ ግን ርዕሰ መምህሩ «ይህን ምዕራፍ ከአዲሷ የሥዕል መምህርት ጋር ተካፈሉት» አላት።

አዲሷ ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ልጆቹን እጃቸው ላይ ፌስታል አጥልቃ ባልዲ ውስጥ እያስቀዘፈች የዳክዬ እግር ጣቶች ለምን በቆዳ እንደተያያዙ አሳየቻቸው። ቢራቢሮ ሥለው፣ የግንድ ቀለም ቀብተው፣ ግቢው ዛፍ ላይ እንዲደብቁት አደረገች። ፈላጊዎቹ ሲያጡት የልጆቹ ሳቅ በቲቸር ጠመኔ ክፍል መስኮት ይገባል። ቲቸር ጠመኔ ደብተር ስታርም አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አረመችው። ከሁሉ ያንገበገባት ደግሞ እሷ ክፍል ትንፍሽ ብላ የማታውቅ አንዲት ዝምተኛ ልጅ የሥዕል ክፍል በር ላይ ስትለፈልፍ መስማቷ ነው።

ቤት ገብታ ለልብስ ሰፊው ባሏ ነገረችው።

«ትምህርቱን እኮ መጫወቻ አደረገችው።»

«ቀናሽ እንዴ?» አላት ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።

«እኔ? በዚያች ጨቅላ?»

«እንግዲያው ፊትሽን ምን አጠቆረው?»

የወላጆች ቀን ሳምንት ሲቀረው ለዕለቱ የተሰቀሉትን የልጆቹን ሥዕሎች ልታይ ሥዕል ክፍል ገባች። እንከን ፍለጋ ነበር፤ አገኘችም። ዝምተኛዋ ልጅ ግመል ሥላ ሻኛውን በሰማያዊ ውሃ ሞልታዋለች። ሻኛ የሚይዘው ስብ መሆኑን የሥዕል መምህርቷ አላወቀችም። ቲቸር ጠመኔ «ያምራል» ብላ ወጣች። ያቺ ጨቅላ በሰው ፊት ትዋረዳለች አለች በልቧ፤ ያን ሳምንት እንቅልፍ ተስማማት።

ቀኑ ሲደርስ አንድ የእንስሳት ሐኪም የሆኑ የሌላ ተማሪ አባት ግመሉ ፊት ቆሙ።

«ሻኛው ውስጥ ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

«ውሃ» አለች ዝምተኛዋ ጮክ ብላ።

ሰውዬው ክፋት ሳያስቡ ሳቁ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሥዕሉን ከግድግዳው ነቀለችው። ቲቸር ጠመኔ የጠበቀችው ሳቅ መጣ፤ ያረፈው ግን ባላሰበችው ሰው ላይ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ቲቸር ጠመኔ የሥዕል መምህርቷን ብሩሽ ስታጥብ አገኘቻት።

«ስህተቱን ቀድሜ አይቻለሁ። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ቀንቼብሽ።»

ወጣቷ ቧንቧውን ዘጋች። «የኔስ ይሁን» አለች፤ «ልጅቷን ግን እርስዎ ነዎት የሚክሷት።»

በነጋታው ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ቲቸር ጠመኔ። ግመል ምግብ ሲያጣ ከሻኛው ስብ እንደሚኖር፣ ስቡ ጀርባው ላይ ብቻ መከማቸቱም ሌላው ገላው እንዳይግል እንደሚረዳው አስረዳቻት። ልጅቷ ከወለሉ ቀና ብላ «ስብ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» አለች። ለቲቸር ጠመኔ ያቀረበችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

«ነጣ ያለ ቢጫ» አለቻት። እንዴት እንደሚቀላቀል ግን አታውቅም፤ ልጅቷም ወደ ሥዕል መምህርቷ ዞረች። ሁለቱ ቀለሙ ላይ አቀርቅረው ሲንሾካሾኩ ያ የምታውቀው ቅናት እንደገና ቆነጠጣት። ወንበሯን ግን ሳብ አድርጋ ተጠጋች።