ኖሪን ፓስኮ ቤታቸውን ያጋሉበት ቀን

ኖሪን ፓስኮ በሎንሰስተን ከተማ የሱፍ ፋብሪካ፣ ከሽመና የወጣ ጨርቅ ላይ ቀዳዳ እየፈለጉ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ሜርቭ ከሞቱ ወዲህ ወንዙ ዳር ባለችው የእንጨት ቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ። የአገሩ ብርድ የሚበረታበት ሐምሌ ሲገባ ሹራብ በሹራብ ላይ ይደርባሉ፤ ማታ ሙቅ ውኃ የተሞላ የላስቲክ ከረጢት ታቅፈው ይተኛሉ። ማሞቂያ የሚያበሩት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው።

ያን ክረምት የመጣችው እንግዳ የቤት ሙቀት መርማሪ ነበረች። የጠራት ልጃቸው ክሬግ ነው።

"እማዬ፣ ባለሙያዋ ቤቱ ለኑሮ ይሆናል ካለች፣ የአረጋውያን መጦሪያ የመግባትሽን ነገር ሁለተኛ አላነሳብሽም። አይሆንም ካለች ግን ይሸጣል።"

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ኖሪንም ተዘጋጁ። ከጎረቤታቸው ከሸርሊ ተጨማሪ ማሞቂያዎች ተውሰው ከዋዜማው ጀምሮ በየክፍሉ አበሩ። ቤቱ ጋለ፤ የመስኮቱ መስታወት ላብ አወጣ። መርማሪዋ ትሬሲ ክሬግን አስከትላ ገና እንደገባች ጃኬቷን ስታወልቅ፣ ኖሪን በልባቸው "አለቀ፣ አሸነፍኩ" አሉ።

"ሻይ ላፍላልሽ፣ የኔ ልጅ? ወይስ ቀዝቃዛ ይሻልሻል?"

"ኧረ እማማ፣ እንዲህ ከሆነማ እኔም እዚሁ እከራያለሁ!"

ትሬሲ አየር የሚያስገባውን ስንጥቅ ለመፈለግ የፊት ለፊቱን በር ከፍታ በሸራ ጋረደችው፤ በሸራው ላይም ትልቅ ማራገቢያ ገጠመች። ማራገቢያው የቤቱን አየር ወደ ውጭ መሳብ ሲጀምር፣ የውጭው ብርድ በየስንጥቁ እያፏጨ ገባ። ኖሪን ማፏጨቱን እንዳይሰሙባቸው ይመስል ጮክ ብለው ስለ አበቦቻቸው አወሩ።

ከዚያ ወደ ግቢው ወጡ። ትሬሲ መልክን ሳይሆን ሙቀትን የሚያይ ካሜራ ይዛ ወደ ቤቱ አነጣጠረች። ቤቱ በካሜራው ላይ ከጣሪያው እስከ መሠረቱ ቀልቶ ታየ።

"ቀይ ጥሩ ነው አይደል?" አሉ ኖሪን።

"ቀዩ የሚያመልጠው ሙቀት ነው፣ እማማ። ውስጡ በሞቀ ቁጥር ማምለጫው ጎልቶ ይታያል።"

ክሬግ አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ። "ወንፊት ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሪው፣ እማዬ? ለማን ነው የምታሞቂው፣ ለወንዙ ዳክዬዎች?"

"ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም!" ኖሪን ተንገበገቡ። "ለዛሬ ብዬ ነው ያበራሁት። እኔ እኮ በብርድ ነው የምኖረው!"

የተናገሩትን የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው።

"ሰማሽ?" አለ ክሬግ ወደ መርማሪዋ ዞሮ። "እኔ አልኩ እንዳትዪ።"

"ይሄ እኮ የሚስተካከል ነገር ነው" አለች ትሬሲ። "ኮርኒሱ ላይ ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ ይግባ፣ ስንጥቁ ይደፈን። እንጨቱ ጤነኛ ነው።"

"ስለሚስተካከለው አልጠየቅኩሽም። አሁን እንዳለ፣ በእሷ ዕድሜ፣ ይሆናል ወይስ አይሆንም?"

ትሬሲ ካሜራዋን አጠፋች። ኖሪን ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል።

"አሁን እንዳለማ... አይሆንም።"

"አየሽ፣ እማዬ? እኔ በቃሌ ነኝ" አለ ክሬግ፤ የእናቱንም ትከሻ መታ መታ አደረገ።

ኖሪን መጦሪያ ገቡ። ጥቅምት ላይ ሸርሊ ልትጠይቃቸው መጣች።

"ቤትሽን የገዙት ባልና ሚስት ናቸው። ሕፃን አላቸው። በጣም ሞቆናል ይላሉ።"

"በዚያ ወንፊት?"

"ክሬግ ከመሸጡ በፊት ኮርኒሱ ላይ ያን ንጣፍ አስነጥፎ፣ ስንጥቁን ሁሉ አስደፍኖ የለ እንዴ! እንደዚያ ሲሆን ዋጋ ያወጣል ብለውት። ሠራተኞቹ ቁርስ ሰዓት ገብተው ከምሳ በፊት ጨርሰው ወጡ። አልነገረሽም?"

ኖሪን እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

"እስቲ በሩን ዝጊልኝ፣ ሸርሊ። ብርድ ገባ።"

ሸርሊ ዞራ አየች። በሩ ዝግ ነበር። ቢሆንም ተነሥታ እጀታውን ጫን አደረገችና ተመልሳ ተቀመጠች።