የአባዬን ጉሮሮ መጥረግ የተማርኩ ሰሞን

አባዬ ሰላ ድንጋይ ውስጥ የከብት ደላላ ነው። ገበያ ላይ ሲጮህ በሬው ራሱ ዋጋውን የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። ጉሮሮው ላይ እባጭ ወጥቶበት ደብረ ብርሃን ኦፕራሲዮን ሲሆን ግን አንገቱ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ አጭር ቱቦ ገባለት። በዚያ ይተነፍሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። የሚለውን ሁሉ የሚጽፈው በኔ ደብተር ላይ ነው። የሒሳብ ደብተሬ በእሱ ወሬ አለቀ።

ነርሷ፣ "አክታ ቱቦውን ከዘጋው ይታፈናል። ቤት ውስጥ በማሽን የሚመጥለት ሰው ካልሠለጠነ ከሆስፒታል አይወጣም" አለችን። እማዬ ሞከረች፤ አባዬን ሲያስለው ጓንቷን አውልቃ ሸሸች። ተራው የኔ ሆነ።

መጀመሪያ እጅ በሳሙና፣ ከዚያ ጓንት። ከማሽኑ የምትመጣውን ቀጭን ቱቦ እስከ ምልክቷ ድረስ ብቻ ማስገባት፤ ስትገባ መምጠጥ የለም። ከዚያ ጎኗ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በአውራ ጣት ደፍኖ፣ እያሽከረከሩ ማውጣት። የምትመጠው ያኔ ነው።

"ስትጀምሪ አንቺም ትንፋሽሽን ያዢ" አለችኝ ነርሷ። "አየር ሲያምርሽ እሱንም አምሮታል ማለት ነው።"

ችግሩ፣ ትንፋሽ በመያዝ ከሰፈራችን ልጆች አንድም የሚያክለኝ የለም። እኔ ረጋ ብዬ፣ ተመችቶኝ ሳወጣ የአባዬ ዓይን ፈጠጠ፤ አልጋውን በቡጢ መታ። ነርሷ እጄን ይዛ ቱቦዋን መዘዘቻት።

አባዬ ሳሉ በረድ ሲልለት ደብተሩን ሳበ። "ልጄ፣ ውድድር ላይ ነን እንዴ?"

"የሱ ሳንባ ያንቺ አይደለም፣ የኔ እመቤት" አለች ነርሷ፣ ሳቋን እየዋጠች። "ትንፋሹ ይቅርብሽና ቁጠሪ። አስር ሳይሞላ ወጥተሻል።"

በማግስቱ ነርሷ እጇን አጣምራ ቆመች። እኔ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፤ አባዬ ስላላመነኝ አልጋው ላይ በጣቱ አብሮኝ ቆጠረ። ሰባት ላይ ጨረስኩ። ሲንተከተክ የነበረው ደረቱ ጸጥ አለ፣ ጥርት ያለ ትንፋሽ ገባ፣ ወጣ።

"ነገ ውሰዱት" አለች ነርሷ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

አባዬ ደብተሩን ዘረጋልኝ። "መንገዱን ሙሉ ልታወሪብኝ ነው። እኔ ደግሞ መመለስ አልችልም።"

ልክ ነው። ማሽኑን ጭኔ ላይ ታቅፌ እስከ ሰላ ድንጋይ አወራሁበት። ሲሰለቸው የተኛ ለመምሰል ዓይኑን ይጨፍናል። እኔም ጎንበስ ብዬ ትንፋሹን አዳምጥና፣ ደህና ከሆነ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።