ሴንት ፖል ወይስ ቴክሳስ

ማርሊስ ቶርቫልድ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ለሰላሳ ዓመት የሰው ግብር ስታሰላ ኖራለች። ከደንበኞቿ ስድስቱ የከተማችን የበረዶ ሆኪ ቡድን ተጫዋቾች ነበሩ። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በቁጥርና በቡድናችን ቀልድ አታውቅም።

በሰኔ መጨረሻ ተከላካዩ ኮልቢ ሪንደል ሁለት ውል ይዞ መጣ። አንዱ የእኛ ቡድን ያቀረበለት ነው፤ ሌላው የቴክሳስ። ሁለቱም ለሦስት ዓመት፣ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ዶላር ይላሉ።

«ወኪሌ፣ ቴክሳስ እንደ እዚህ የግዛት የገቢ ግብር ስለሌለ በዓመት ሁለት መቶ ሺህ ይተርፍሃል ይለኛል» አለ። «እውነት ነው? እኔ የማምነው እርስዎን ነው።»

«ወኪልህ ከሜዳችሁ ውጭ አትጫወቱም አለህ እንዴ? ካሊፎርኒያ ለተጫወትክበት ቀን ካሊፎርኒያ ድርሻዋን ትወስዳለች። በል ቁጭ በል።»

የጨዋታውን መርሐ ግብር ዘርግታ ቀኖቹን በየግዛቱ መቁጠር ጀመረች። ኮልቢ ስልክ ሊያናግር ሲወጣ ጠጋ አልኳት።

«ማርሊስ፣ የሚተርፈውን ቁጥር ትንሽ ዝቅ ብታደርጊውስ? ልጁ ይቀርልን ነበር።»

«አፍሽን ያዢ! የሚያምነኝ ለምን ይመስልሻል?»

ሲመለስ ቁጥሩን ነገረችው፤ በዓመት የሚተርፈው አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ ነው። ኮልቢ ጉልበቱን እያሻሸ ተነሣና አመስግኗት ወጣ። በሳምንቱ ለቴክሳስ ፈረመ። በዚያው ሰሞን ሌሎች ሁለት ተጫዋቾችም ይህ ግብር ወደሌለባቸው የደቡብ ግዛቶች ሄዱ፣ ቡድናችንም በውድድር ዓመቱ ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆነ።

ማርሊስ ግን ማማረር አልወደደችም። የቡድኑን ሥራ አስኪያጅ ፌልትን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ መለሷት። በአራተኛው ጊዜ የልምምድ ሜዳው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ደግሞ መጣሽ?»

«ነገም እመጣለሁ።»

«ስሚ፣ የግብር ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በዓመት ሊከፍል የሚችለው የደመወዝ ጣሪያ ለሁሉም እኩል ነው። ግብሩን ላካክስ ብል ለሌላው ተጫዋች የምከፍለው አይተርፈኝም።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ብር አትጨምር፣ ዓመት ጨምር። ሆኪ ተጫዋች የሚፈራው ጉልበቱ ተጎድቶ ገቢው እንዳይቋረጥ ነው። እነሱ ሦስት ዓመት ሲሰጡ አንተ አምስት ስጥ።»

«በሦስተኛው ዓመት ቢሰበርብኝስ?»

«ከከሰርክ ትከስራለህ። አሁንስ እያተረፍክ ነው?»

ፌልት ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ሒሳቡን ያሰላችበትን ወረቀት ተቀብሏት ገባ።

በተከታዩ ሰኔ ለሁለት ተጫዋቾች አምስት አምስት ዓመት አቀረበ። አንደኛው እንደ ቴክሳስ ግብሩ የሌለባትን ፍሎሪዳን መረጠ፤ ሌላው፣ ግብ ጠባቂው፣ ግን እኛ ጋ ቀረ። ቡድናችንም በውድድር ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ለጥሎ ማለፉ አለፈና በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈ። ማርሊስ በማግስቱ የመጪውን ዓመት የጨዋታ መግቢያ ትኬቷን ገዛች፤ ለእኔም ጨምራ።