ዘጠነኛው ቤት

ልጅ ሳለሁ፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ባለፈ በዓመቱ፣ በጥቅምት ወር፣ እኅቴ የሺ ደሴ ሄዳ የጤና ረዳትነት እንድትማር የተሰጣትን ቦታ ሳትይዝ ቀረች። ፈተናውን ከመካነ ሰላም ሴት ልጆች አንደኛ ሆና አልፋ ነበር። አልታመመችም፤ ስንቋ ተሰናድቷል፤ የሚወስዳት የጭነት መኪናም ተገኝቷል። የቀረችው መሪጌታ ሀብቱ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የስሟን ፊደል ቆጥረው ዘጠነኛው ቤቷ ተዘግቷል ስላሉ ነው።

ዘጠነኛው ቤት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። በኮከብ ቆጣሪዎች መጽሐፍ የሰው ዕድሜ ዐሥራ ሁለት ቤት አለው። አንደኛው የነፍስ፣ ሁለተኛው የገንዘብ እያለ ይሄዳል፤ ስምንተኛው የሞት ነው። ዘጠነኛው ቤተ ፍኖት ይባላል፤ የመንገድ ቤት ማለት ነው። ሰው ከተወለደበት ቀዬ ቢወጣ ይቀናው እንደሆነ፣ የሄደበት አገር ይቀበለው እንደሆነ፣ በሰላም ይመለስ እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። የባለጉዳዩ የክርስትና ስምና የእናቱ የክርስትና ስም ይደመራል፤ ድምሩ ለዐሥራ ሁለት ይካፈላል፤ ቀሪው ኮከቡን ይሰጣል። ኮከቡ ከታወቀ መጽሐፉ በየቤቱ የትኛው ፈለክ እንደተቀመጠ ይናገራል። በመንገድ ቤት ዙሐል ከተቀመጠ መንገዱ ዝግ ነው፤ መሽተሪ ከተቀመጠ ክፍት ነው። የተወለድክበትን ቀን የሚጠይቅ የለም። ሰማዩን ቀና ብሎ የሚያይም የለም። ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ጭስ እየሞቁ የሚሠራ ሥራ ነው።

ያኔ መሪጌታ ማታ ማታ እኛ ቤት ይመጡ ነበር። አባቴ የደብሩ ቄስ ነበር፤ በድርቁ ዓመት በተስቦ ሞቶ እናቴ ከሁለት ሴት ልጆች ጋር ቀርታለች። መሪጌታ እኛን ማጽናናት ግዴታቸው እንደሆነ ይናገሩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን እራት በሰዓቱ የሚቀርበው እኛ ቤት ነበር። ላምባ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ስለሚገኝ እናቴ የኩራዙን ክር ዝቅ ታደርገዋለች፤ የቤቱ ብርሃን ከኩራዙ ይልቅ ከኩበቱ ፍም የሚመጣ ነበር፤ እኔና የሺ አንድ ባና ተከናንበን፣ ዓይናችን በጭስ እየተቃጠለ፣ እሳቸው የገብስ ቆሏቸውን ቆርጥመው ጨርሰው ጉሮሯቸውን እስኪጠርጉ እንጠብቃለን። ከዚያ ተረቱ ይጀመራል። ተረቱም ሁልጊዜ የመንገድ ቤት ነው።

አንዱን አስታውሳለሁ። ዙሐል በዘጠነኛው ቤቱ የተቀመጠበት ነጋዴ ነበር። ዓባይን እንዳይሻገር ተነግሮት ሰባት ዓመት ቤቱ ተቀመጠ። በስምንተኛው ዓመት ሚስቱ «ከኔ ጋር ቀሚስ ለብሰህ ተቀመጥ» ብላ ሰደበችው፤ እልህ ይዞት ወረደ፤ ውኃው በጉልበቱ ልክ ነበር፤ በጉልበቱ ልክ ባለው ውኃ እሱም በቅሎውም ሄዱ። እዚህ ላይ ፍሙ ጠሽ ይላል። እናቴ ታማትባለች።

«ስሙ ማን ነበር?» አልኩ አንድ ማታ። ዐሥር ዓመቴ ነበር።

«የማን?»

«የነጋዴው።»

«ስሙ ምን ይረባሻል? ሞቷል እኮ።»

«ኮከቡ የወጣው በስሙ አይደል እንዴ?»

የሺ ባናው ውስጥ ገብታ ሳቀች። እናቴ «ዝም በይ አንች ምላሳም» አለችኝ። መሪጌታ የነጋዴውን ስም ያን ዕለትም ከዚያም በኋላ አልነገሩኝም። አገሩም፣ ዓመቱም፣ ሬሳውን ያወጣው ሰውም አልታወቀም። ዛሬ አንድ ጀማሪ ዘጋቢ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞልኝ ቢመጣ ወደመጣበት እመልሰዋለሁ። መሪጌታን ግን ሙሉ አውራጃ ያምናቸው ነበር። የቀበሌው ካድሬ ሳይቀር። እሁድ በስብሰባ ላይ ኮከብ ቆጠራ የሰፊውን ሕዝብ አእምሮ ማደንዘዣ ነው ብሎ ሁለት ሰዓት ተናግሮ፣ በሳምንቱ አጥራችንን በጓሮ ዞሮ መጣና የሥልጣን ቤቱን አስቆጠረ። አሥረኛው ቤት መሆኑ ነው። ክፍት ነው ተባለ። ደስ ብሎት ሄደ፤ መጽሐፉን ግን ሰው እንዳያየው ገብስ ጎታ ውስጥ ደብቁት ብሎ መከረን።

አንድ ነገር ብቻ አልነፍጋቸውም። መሪጌታ ድምር አይስቱም ነበር። የትምህርት ቤት ሒሳቤን በዓይናቸው አየት አድርገው ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ በጣታቸው ይጠቁሙኛል፤ እኔ ጠጠር ደርድሬ ደግሜ ስቆጥር ሁሌም እሳቸው ልክ ነበሩ።

የየሺን የቆጠሩት ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናው በማግሥቱ ሊነሳ፣ እናቴ «መንገዷን ይዩልኝ» ብላ ጠራቻቸው። መጽሐፉን ከጎታው አውጥተው ገብሱን አራገፉለት። «ወለተ ማርያም» አሉ፤ የእናቴንም ጨመሩ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ገጹን ሳይሆን እሳቱን አዩ።

«ዙሐል ነው» አሉ።

«መሪጌታ፣ እስከ ደሴ ነው እኮ» አለች የሺ። «ባሕር አልሻገር።»

«ዙሐል ቅርብ ሩቅ አያውቅም ልጄ።»

«ሁለት ዓመት ተምሬ እመለሳለሁ። ለዚሁ አገር ነው የምሠራው። እርስዎንም መርፌ እወጋዎታለሁ።»

«እኔ የጻፍኩት አይደለም። የተጻፈውን ነው የማነበው።»

እናቴን አየቻት። እናቴ «ባሌን ቀብሬያለሁ፤ ልጄን ለመንገድ አልሰጥም» አለች፤ ቀጥላም «አብሽሪ፣ ሌላ ዕድል አይጠፋም» አለች። የሺ አላለቀሰችም። የስንቋን በሶ ከአቁማዳው ወደ እንቅቡ ገለበጠችው፤ የተረፈውን ለማራገፍ አቁማዳውን ሦስት ጊዜ መታችው።

ሌላ ዕድል አልመጣም። በዓመቱ ደጎሎ ለአንድ ገበሬ ተዳረች። ያ መንገድ ግን በመንገድ ቤት አልተቆጠረም፤ ሴት ባል ዘንድ ስትሄድ መንገድ አይባልም መሰለኝ። የመጀመሪያ ልጇን ሦስት ቀን አማጠች፤ በቃሬዛ ወደ ክሊኒክ ወሰዷት፤ እሷ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም። የተቀበለቻት የጤና ረዳት በዚያ ፈተና ከየሺ ቀጥላ የወጣችው ልጅ ነበረች። ቦታዋን የወሰደችው ማለቴ ነው።

ልንጠይቃት በከላላ በኩል ሁለት ቀን በበቅሎ ሄድን፤ መሪጌታም አብረውን መጡ። የሺ ተኝታ ነበር። እናቴን ሳመች፣ እኔን ሳመች፣ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች።

«የልጄን አልቆጠሩልኝም መሪጌታ?»

እሳቸው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«ለነገሩ ክርስትና አልተነሳም» አለች። «ስም የለው፤ ምኑን ይቆጥሩታል።»

ያንን የተናገረችው ሳትቆጣ ነበር፤ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው። መሪጌታ ተነስተው ወጡና በቅሎዋን ሲያሻሹ አመሹ።

ከዚያ ወዲህ የመንገድ ቤት ተረት አልሰማንም። ማታ ማታ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ተረቱ ግን የጅብና የቀበሮ ሆነ። እኔ ንስሐ ነው ብዬ አላሰብኩም። የማይሸጥ ዕቃውን ከገበያ ያነሳ ነጋዴ ነው ብዬ ናቅኳቸው። ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ መናቅ በደንብ ተምሬያለሁ።

በዓመቱ ስምንተኛ ክፍልን ጨረስኩ፤ አዲስ አበባ ያለች የእናቴ እኅት እሷ ዘንድ ሆኜ እንድማር ላከችብኝ። እናቴ አሁንም መጽሐፉ ይታይ አለች። የሺ ላይ የሆነውን አይታ አሁንም። መሪጌታ መጀመሪያ ዓይኔን አመመኝ ብለው እንቢ አሉ፤ በማግሥቱ ጥርሴን አሉ፤ በሦስተኛው ቀን እናቴ ራሷ ሄዳ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«የክርስትና ስሟን ማን ነበር ያላችሁት?» አሉ፤ ክርስትና በተነሳሁበት ቀን አብረው የቆሙ ሰውዬ።

«ወለተ ጻድቅ» አለች እናቴ።

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ድምር ሲደግሙ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ኩራዙ እጃቸው ላይ ጥላ ጥሎ ነበርና ጣታቸው የቱ ጋ እንዳረፈ አላየሁም፤ ለማየትም አልፈለግሁም።

«መሽተሪ ነው» አሉ። «ክፍት ነው። ትሂድ።»

«ባይከፈትስ ኖሮ?» አልኩ።

«ተከፍቷል አልኩሽ እኮ።»

«የየሺ ተዘግቶ የኔ የተከፈተው በምኔ ነው?»

«ሂጂ ልጄ» አሉ። መጽሐፉን ዘጉት። እናቴ እራት ስታቀርብ ሆዴን ብለው ሳይቀምሱ ወጡ። እኛ ቤት የቀረበላቸውን እራት ሲተዉ አይቼ አላውቅም፤ በዕድሜ ነው አልኩ። ኋላ እናቴ በላከችው ደብዳቤ መሪጌታ ለማንም መቁጠር እንዳቆሙና መጽሐፉን ለደብሩ እንደሰጡ ነገረችኝ። ያንንም ካድሬ ፈርተው ነው አልኩ። ለሁሉም ነገራቸው ምክንያት ነበረኝ።

የሥራዬን የመጀመሪያ ዓመት ሳልጨርስ ሞቱ። ለቀብራቸው አልሄድኩም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ይህን ታሪክ በመሥሪያ ቤት እንደ ቀልድ አወራው ነበር። አንድ አጎት፣ አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት እኅትማማች፤ አንዷን ዘጋ፣ አንዷን ከፈተ፤ የዘጋባት ከኔ ትበልጥ ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ እል ነበር። ሰው ይስቃል። ከእነዚያ ማታዎች የቀረኝ ይህ ነው ብዬ አስብ ነበር፦ የጭስ ሽታ፣ ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ፣ እና ስምና ቀን የሌለውን ወሬ ያለማመን ልማድ። በዚህ ልማድ እንጀራዬን በልቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ስለ ኮከብ ቆጣሪዎች አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። አንድ ደብተራ የፊደሉን የቁጥር ሠንጠረዥ አስገለበጡኝ። ለጽሑፉ ማላገጫ እንዲሆነኝ የየሺንና የእኔን ኮከብ ላወጣ ቢሮዬ ውስጥ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አስልቼው እንደማላውቅ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የእናታችን ስም አንድ ነው። «ወለተ» ሁለታችንም ጋ አለ። የሚለየን የስማችን መጨረሻ ብቻ ነው። ማርያም፦ አራት፣ ስድስት፣ ዘጠና፣ አራት፤ መቶ አራት። ጻድቅ፦ አምስት መቶ፣ መቶ፣ ስምንት፤ ስድስት መቶ ስምንት። የሁለቱ ልዩነት አምስት መቶ አራት ነው። ለዐሥራ ሁለት ሲካፈል አርባ ሁለት ይደርሳል፤ ቀሪ የለውም። ስለዚህ የሁለታችን ቀሪ አንድ ነው። ኮከባችን አንድ ነው። ዘጠነኛው ቤታችንም አንድ ነው፤ የተቀመጠበትም ዙሐል ነው።

እንደ መሪጌታ ደገምኩት። እንደገናም ጠጠር እንደሚደረድር ልጅ አንድ በአንድ ቆጠርኩት። ያው ነው።

መሪጌታ ሀብቱ ድምር አይስቱም ነበር።