ዝናቡ የዘነበበት ቦታ

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ነገር የተማሪዎቹን ፈተና ማረም ነበር። «ነፋስ በሌለበት የባሕር ዳርቻ ትልቅ ማዕበል ከየት ይመጣል?» ብሎ ጠይቋቸው፣ አንዱ «ባሕሩ ሲናደድ» ብሎ መልሷል። ሳቅን። ትክክለኛው መልስ፣ ሩቅ ባሕር ላይ የተነሣ አውሎ ነፋስ ይልከዋል የሚል ነበር። ወረቀቶቹን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲወጣ «ፀሐይ ነው፣ ጃንጥላውን ተወው» አልኩት። ከሰበታ በላይ ያለውን ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውሃ ወሰደው። ከተማው ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም ነበር።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ፣ ያን ደራሽ ያመጣው ዝናብ የት እንደዘነበ ለማየት ተነሣሁ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት

ባጃጁ አስፋልቱ እስከሚያልቅበት በሠላሳ ብር አደረሰኝ። ወንዙ ከቁርጭምጭሚት አይዘልም፤ ጫማዬን አውልቄ ተሻገርኩት። ከዚያ በባሕር ዛፉ መካከል የወጨጫን ተራራ ዳገት ያዝኩ።

አምስት ሰዓት

ኦቦ ቶላ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ድንች ሲኮተኩቱ አገኘሁ። «አካም ጅርቱ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቼ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ሥራቸውን አቆሙ።

«እዚህ ነው የወረደው» አሉ። «በረዶው ማሳውን ነጭ አደረገው። ወንዙ ሲያገሳ ሰማሁ። ከታች ሰው እንደሚሻገር አውቃለሁ፤ ግን ለማን ልደውል?»

«ፀሐይ ነው ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ፀሐይ ነበራ። ዋሸሽ እንዴ?»

የተቀቀለ ድንች አበሉኝ። ስነሣ ስልካቸውን አውጥተው ቁጥሬን አስመዘገቡኝ።

ስምንት ሰዓት

ስወርድ ከኋላዬ ተራራው ጠቆረ። ወንዙ ጋ ግን ፀሐይ ነበር። ስልኬ ጠራ።

«እንዳትሻገሪ» አሉ ኦቦ ቶላ። «በረዶ ወርዷል።»

አንድ ወጣት ነጋዴ ጎመን የጫነች አህያውን ወደ ውሃው እየነዳ ነበር። የአህያዋን ገመድ ያዝኩ።

«እትዬ፣ ፀሐይዋን ፈርተው ነው?»

«አዎ። ቆይ ልጄ።»

«ገበያው ሊያመልጠኝ ነው፣ ይልቀቁኝ እንጂ።»

«አልለቅም።»

ጥቂት ቆይቶ ከላይ ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም ተሰማ። አህያዋ ከእኛ ቀድማ ወደ ኋላ ሸሸች። ውሃው ግንድ እያንከባለለ፣ ቡናማ ግድግዳ ሆኖ መጣ፤ ቆመንበት የነበረውን ዳር ናደው። ነጋዴው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ማን ነገረዎት?» አለኝ።

«ዝናቡ ያለበት ቦታ ሰው አለኝ።»

ውሃው እስኪጎድል አብረን ጠበቅን። አመሻሽ ላይ ቤቴ ስገባ ጃንጥላው ከበሩ ኋላ እንደተንጠለጠለ ነው። ጃንጥላውን ተወው ባልኩት ቀን ያየሁት የደጄን ሰማይ ብቻ ነበር። ይህን ማወቄ ሐዘኔን አላቀለለውም።

አሁን ኦቦ ቶላ በደወሉ ቁጥር ወደ መሻገሪያው ሄጄ ሰው አስቆማለሁ።