የፀጉር ቅቤ የቀባኋት ጋሪ

ለእጅ ጋሪ ጎማ ማለስለሻ ግራሶ የሚሰጥ ጋራዥ በጂንካ አልነበረም። አስፋልቱ ሳይመጣ በፊት ነው የማወራው። ግራሶ በጭነት መኪና ከአርባ ምንጭ ይመጣል፣ ባለ መኪኖቹ ሳይጠግቡ ለእኔ ቢጤ አይደርስም። አንዱ መካኒክ «ለጋሪ ደግሞ ግራሶ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ጋሪዬ ሁለት ጎማ፣ አንድ የብረት ዘንግ፣ ከላይ ሣንቃ ነበረች። ከጎፋ ወርጄ ያፈራሁት ንብረት እሷ ብቻ ናት። ከመናኸሪያ ሻንጣ፣ ከገበያ ወፍጮ ቤት በቆሎ እገፋለሁ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ አንድ የሳይንስ መጽሐፍ ሰበቃ የሚባል ነገር ሲያስረዳ አነበብኩ። ጎማ ከመሬቱ ጋር ካልተፋተገ ይንሸራተታል፣ ዘንጉ ላይ ግን ፍትጊያ ከበዛ አይዞርም ይላል። ልክ ነው። በሁለት መስመር ጨርሶታል። እኔ በሁለት መስመር አልተማርኩትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ የማወርድላቸው አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ቤታቸው ከከተማው በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድስት በጀርባቸው አዝለው ገበያ ወርደዋል። አንድ ክረምት ጭቃ አንሸራትቷቸው ዳሌያቸው ተጎዳና ሸክም ቀረ። ከዚያ ወዲያ ወይ ጋሪ ማግኘት ነው፣ ወይ ነጋዴ ደጃቸው ድረስ መጥቶ በፈቀደው ዋጋ ሲወስድባቸው ማየት። ጋሪ ገፊዎቹ እምቢ አሉ። እዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ይናቃል። በድስቷ ይበላሉ፣ ከእሷ ጋር አይበሉም። ዕቃዋን የጫነ ይሰበራል ይላሉ። እኔ መጤ ነኝ፣ ጫንኩ። ደግ ሆኜ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አልነበረኝም።

ድስቶቹን በእንሰት ቅጠል እንጠቀልላለን። ቁልቁለቱ ላይ ጋሪዋ እንዳትነዳኝ ከኋላ ግንድ በገመድ እናስራለን። ግንዱ መሬቱን እየፋተገ ይይዛታል፣ ፍሬናችን እሱ ነው። እሳቸው በምርኩዝ እያነከሱ ይከተላሉ።

«አንተ የጎፋ ልጅ፣ ቀስ!»

«ቀስ ነው እማማ።»

«ይሄ ቀስህ ከሆነ ሩጫህን አያሳየኝ!»

ይህ ሁሉ ደህና ነበር፣ ጎማው መጮህ እስኪጀምር ድረስ። የሚዞርበት ኩሽኔታ ደርቋል። አንድ ሐሙስ የመኪና ጭነት ላወርድ ቀይ አፈር ወደምትባለው ከተማ ሄድኩ። ገበያው ላይ አንዲት የበና ብሔረሰብ ሴት ለፀጉር የሚሆን ቅቤ ከቀይ አፈር ጋር ለውሳ በቅል ይዛለች። ቅቤ ቅቤ ነው ብዬ ዋጋ ጠየቅኳት።

«ለሚስትህ ነው?» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ።

«ሚስት የለኝም። ለጎማዬ ነው።»

ለጎረቤቶቿ በቋንቋቸው ነገረቻቸው። መደዳው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት አሮጊት ወደ እኔ እየጠቆሙ የሆነ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?»

«ጎማህን ልታገባት ነው ወይ ይላሉ።»

ገዝቼ ተመለስኩ። ሁለቱንም ኩሽኔታ በቅቤው ሞላሁ። ጩኸቱ ጠፋ። ሁለት ሳምንት ጋሪዋ እንደ ውሃ ሄደች። ሆን ብዬ በዚያ መካኒክ ደጅ በኩል ገፋኋት።

ሦስተኛው ቅዳሜ፣ ቁልቁለቱ መሃል ላይ፣ የግራ ጎማ ድንገት ቀጥ አለ። ቀኙ መዞሩን ቀጠለ። ጋሪዋ ባለችበት ዞራ ተገለበጠች። ጭነቱ የሁለት ሳምንት ሥራቸው ነበር። ሦስት ድስት ተረፈ።

እማማ ምርኩዛቸውን ጥለው ጎማው አጠገብ ተቀመጡ። ኩሽኔታው ተበልቶ፣ የብረት ብዮቹ መንገዱ ላይ ተበትነዋል። ዘንጉ ላይ የቀረውን ቀይ ነገር በአውራ ጣታቸው ጠርገው አሹት።

«ምንድን ነው የቀባኸው?»

«ቅቤ።»

«ቅቤው የታለ? ፀሐይ ጠጥታዋለች። ይሄ አፈር ነው። እኔ ድስት ፈትጌ የማለሰልሰው በእንዲህ ያለ አፈር ነው። ሸክላ የሚበላ ነገር ብረት የሚምር መሰለህ?»

ገበያ ወራጁ ተሰበሰበ። መናኸሪያ ላይ ጭነት የሚሻማኝ አንድ ጋሪ ገፊ ጋሪውን አቁሞ ጮኸ።

«ነግረንህ አልነበረም? የሷን ዕቃ የጫነ ይሰበራል! ይኸው!»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ሴት ስብርባሪው እንዳይነካት ቀሚሷን ሰበሰበች።

ሸክላ ሠሪዋ ቀና ብለው አዩኝ። ዝም ካልኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሪ ደጃቸው እንደማይቆም ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ ዝም አልኩ። ይህን መጻፍ አልወደውም፣ ግን ዝም አልኩ። በእሳቸው ቢሳበብ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ሞኝ መባልን እንደ እሳት ነው የምፈራው። ዓይናቸውን ግን አልነቀሉልኝም።

«የእሳቸው አይደለም!» አልኩ በመጨረሻ። «ጥፋቱ የኔ ነው! ኩሽኔታው ውስጥ የፀጉር ቅቤ ከነአፈሩ ሞላሁበት! መጥታችሁ እዩ!»

ጋሪ ገፊው መጣ። አጎነበሰ፣ በጣቱ ነካ፣ አሸተተ።

«ወይ ጉድ! ሰውዬው ጋሪውን ሙሽራ አድርጓታል!»

ሳቁ ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ሦስቱን ድስት አዝዬ ከኋላው ወረድኩ።

ኩሽኔታ ቶሎ አልተገኘም። አዲስ ድስት ሲደርስላቸው፣ በጀርባዬም ቢሆን ላወርድላቸው ዳገቱን ወጣሁ። ያ የጮኸብኝ ጋሪ ገፊ ቀድሞኝ ደጃቸው ቆሟል፤ ጋሪዬን የሰበራት አፈሩ እንጂ የእሳቸው ዕቃ አለመሆኑን በጣቱ ነክቶ አይቷላ። ወንድሙ ሹፌር ነው፣ ግራሶ አይቸግረውም።

«እማማ፣ ይጫኑ እንጂ፣ ፀሐይ ወጣች እኮ» ይላል።

አልቸኮሉም። ጎንበስ ብለው ዘንጉን በአውራ ጣታቸው አሹ፣ ጣታቸውን ወደ ብርሃን ይዘው አዩት።

«ጥቁር ነው። ጫን» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «አንተስ ምን ይገትርሃል? ጠቅልል እንጂ።»

ጠቀለልኩ። ጫንን። እማማ ከጋሪው ኋላ እየሳቁ ቁልቁለቱን ወረዱ።

ከዚያ ወዲያ ወደ እኔ ጋሪ አልተመለሱም። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ግን እኔም ድስት ሠሪ ብሆን ጥቁር ግራሶ ያለውን ነበር የምጠራው።