የጉዲቱ ክንድ

ሚስቴ ጉዲቱ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሃያ ሁለት ዓመት የላብራቶሪ ተማሪዎችን ደም መውሰድ አስተምራለች። ከዘነበወርቅ እስከ አስኮ ባሉ ክሊኒኮች መርፌ ከሚይዙት ልጆች ስንቱ በእሷ እጅ አልፏል። ታክሲ ውስጥ ሲያገኟት «ቲቸር» ብለው ይከፍሉላታል።

ድሮ የሚለማመዱበት የላስቲክ ክንድ ነበራቸው። ሲቀደድ ምትክ ጠየቀች፤ «በጀት ተቀንሷል» ተባለች። በዓመቱ ስሪንጁ ግማሽ ሆነ፣ ቀጥሎ ጓንቱ ጠፋ። በመጨረሻ «በቪዲዮ አሳዪያቸው» አሏት። ዋና በቪዲዮ ተምሮ ወንዝ የሚገባ ማን አለ?

አምና ምረቃው ሲቃረብ የክፍሉ ኃላፊ ኃይለመስቀል ቅጽ ይዞ መጣ። እሱም ድሮ ተማሪዋ ነበር። ቅጹ አርባ አንዱም ተማሪዎች ደም መውሰድ ተለማምደዋል ይላል።

«አንዳቸውም መርፌ አልያዙም» አለችው።

«እትዬ፣ ካልፈረሙ እኮ ልጆቹ አይመረቁም።»

አልፈረመችም። ስሪንጅና ጓንት በራሷ ደሞዝ ገዛች፤ ከዚያ የግራ እጅጌዋን ሰብስባ «ኑ፣ ውጉኝ» አለቻቸው። መጀመሪያ የቀረበችው ሄቨን የምትባል ተማሪ ሦስቴ ስታ አለቀሰች።

«አልቅሺና ድገሚ» አለቻት።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ክንዷ ከብብቷ እስከ አንጓዋ ጠቆረ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አንድ ጣቴ ሲወጋ እንኳ ቀኑን ሙሉ እነጫነጫለሁ። ጮህኩባት።

«አንቺ ሰው ነሽ ወይስ የመንግሥት ዕቃ?»

«እነዚህ ልጆች ነገ የሚወጉት እናትህን ነው» አለችኝ።

አርባ አንዱም ቻሉ። ያኔ ፈረመች፣ ተመረቁ። ምን ልዋሽ፣ ኮራሁባት።

ዘንድሮ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ «በውስን በጀት ውጤታማ ሥራ» የሚል ባለመስታወት የምስክር ወረቀት ሸለሟት። ተነስተው አጨበጨቡላት። በሳምንቱ በጀቱ ተለቀቀ፤ የጠየቀችው የላስቲክ ክንድ ተሰርዟል፣ ለስሪንጅና ለጓንት የተያዘ አምስት ሳንቲም የለም። ኃይለመስቀልን ለምን ብላ ጠየቀችው።

«አምና ያለ ግዢ ተሳክቷል ብለው ነው» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

ማጨብጨባቸው ለካ ለዚህ ነበር! የሚስቴን ደም አይተው ወጪ ቀነሱበት። አላፈሩም።

የዘንድሮዎቹ ተማሪዎች ሃምሳ ስድስት ናቸው። ትናንት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀኝ ክንዷን እያሻሸች ደም ሥር ስትፈልግ ደረስኩባት።

«ይሄኛው ገና አልተነካም» አለችኝ።